ከማሽኑ በፊት ጣሪያው፦ በመቐለ ስለ ቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ፈቃድ የቀረበ አስተያየት

የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሥራ በፈቃድ ይመራ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ማሽን ነው። በመቐለ ግን ከአብዛኛው ነዋሪ ቤት ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣ የለም፤ ሙቀቱን የሚያመጣው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ብርዱን የሚያባርረው ደግሞ የከሰል ምድጃ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ የከተማዋ የፈቃድ አሠራር ከማሽኑ አስቀድሞ ስለ ጣሪያው፣ ስለ አየር መተላለፊያውና ስለ እሳቱ ሊጠይቅ ይገባል የሚል ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። በዚያ አዋጅ መለኪያዎቹ የፎቅ ብዛት፣ በምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት፣ ከፍታና አገልግሎት ነበሩ፤ ለምሳሌ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ በምድብ «ሐ» ተመድቧል። ይህ አከፋፈል ከመደርመስ አደጋ አንጻር ተገቢ ነው። ትንሹ ቤት በዚህ ሚዛን ቀላል ነው፤ በሙቀት ሚዛን ግን በጣም የሚጎዳው እርሱ ነው።

ምክንያቱ ከከተማዋ አቀማመጥ ይመነጫል። መቐለ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ አጋማሽ ገደማ የቀትር ፀሐይ በአናቷ ላይ ታልፋለች። በዚህ ወቅት ከግድግዳው ይልቅ ፀሐይን የሚቀበለው ጣሪያው ነው። በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ወደ ደቡብ የተከፈተ መስኮትም ያለ ወጪ ያሞቃል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የአፈር ጣሪያ ያለው ህድሞ የቀኑን ግለት ወደ ሌሊት እያሸጋገረ ሁለቱንም ጽንፎች ያለዝብ ነበር። ኮርኒስ የሌለው የብሎኬትና የቆርቆሮ ቤት ይህን ጥቅም አጥቷል።

የማሽን ሕግን ከሌላ አገር እንዳለ መቅዳትም አያዋጣም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በመገኘቷ፣ የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በሳሳ አየር ውስጥ ማራገቢያ የሚያጓጉዘው ሙቀት ስለሚቀንስ፣ በባሕር ጠለል ልክ የተሰላ መሣሪያ እዚህ የተጻፈለትን ያህል አይሠራም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ብርድን ለመከላከል በርና መስኮት ተዘግቶ ከሰል ሲነድ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተኙትን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ቤቱ እንዲሞቅ ብቻ የሚጠይቅ፣ አየር በየት እንደሚወጣ የማይጠይቅ ደንብ አደጋውን ያባብሳል። ሁለቱ ጥያቄዎች መነጠል የለባቸውም።

የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በግንባታ ፈቃድ ማመልከቻው ላይ ሦስት ጥያቄዎች ይታከሉ፦ ከቆርቆሮው ሥር ሙቀት የሚከላከል ኮርኒስ አለ ወይ? በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ አየር የሚያሳልፉ ክፍት ቦታዎች አሉ ወይ? እሳት የት ይነዳል፣ ጢሱስ በየት ይወጣል? በግድግዳ ላይ በቋሚነት ለሚተከል ማቀዝቀዣ ወይም የውኃ ማሞቂያ ደግሞ ተገቢው ሽቦ፣ ኧርዝና የራሱ ብሬከር መኖሩን ብቃቱ የተረጋገጠ ኤሌክትሪሺያን በፊርማው ያረጋግጥ። ተንቀሳቃሽ ማራገቢያና ትንሽ ማሞቂያ ከፈቃድ ነጻ ይሁኑ።

አዲስ ጥያቄ አዲስ ምልልስና አዲስ የጉቦ በር ይከፍታል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ስጋቱ ተገቢ ነው። መልሱ ግን ጥያቄውን መተው ሳይሆን ክፍያ የማይጠየቅበት፣ በነባሩ ማመልከቻ ላይ የሚሞላና መሐንዲሱ ለቁጥጥር በሚመጣበት ዕለት አብሮ የሚታይ ማድረግ ነው። ኮርኒስ ለመሥራት አቅም የሌለው ሰውም ፈቃድ ሊከለከል አይገባም፤ ምክር ተሰጥቶት በሂደት ያሟላ። የአየር መውጫው ግን ሊታለፍ አይችልም፤ ግድግዳው ሲቆም ክፍተት መተው ብዙ ወጪ አይጠይቅምና።

በጦርነቱ ዓመታት ኤሌክትሪክ ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ፣ በማሽን የሚተማመን ቤት ምን ያህል አቅመ ቢስ እንደሚሆን ነዋሪው በራሱ ላይ አይቷል። በመልሶ ግንባታው ወቅት የሚቆሙት ቤቶች ለአሥርት ዓመታት ይኖራሉ። የምርምር ተማሪዎችም በህድሞ፣ በጥርብ ድንጋይና በብሎኬት ቤቶች ውስጥ የዓመቱን ሙቀት በመለካት ለከተማ አስተዳደሩ መነሻ የሚሆን መረጃ ማቅረብ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ቴርሞሜትርና የአንድ ዓመት ትዕግሥት ነው።