ስሙን የማላውቀውን አልጠጣም!

ባለፈው ሳምንት ሆዴን ቢቆርጠኝ፣ እናቴን የሚያክሉ ጎረቤቴ አንድ ቅጠል ጨምቀው አመጡልኝ። ስሙን ብጠይቃቸው «እኔ እንጃ ልጄ፣ ብቻ ጠጪው!» አሉኝ። ብርጭቆውን መለስኩላቸው። ተቀየሙኝ።

ነገሩ የለንደን መድኃኒት ቀማሚዎችን አስታወሰኝ። እነዚህ ሰዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1617 ከቅመም ነጋዴዎች ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1673 ደግሞ ቼልሲ በተባለው ሰፈር፣ ቴምስ ወንዝ ዳር፣ የመድኃኒት ተክሎች አትክልት ቦታ ከፈቱ። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ! ተለማማጆቻቸው አንዱን ቅጠል ከሌላው መለየት እንዲማሩ ነው። በ1722 ሐኪሙ ሃንስ ስሎን መሬቱን በዓመት 5 ፓውንድ ለዘለቄታው ሲሰጣቸው፣ በየዓመቱ 50 የደረቁ ተክሎች ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የሳይንስ ማኅበር እንዲያስረክቡ ግዴታ አስገባቸው። አትክልት ቦታው ዛሬም አለ።

መቼም ያለ ምክንያት አልተጨነቁም። ዲጂታሊስ የተባለው ተክል በልኩ ሲሰጥ የልብ መድኃኒት ነው፤ ከልኩ ሲያልፍ ልብ ያቆማል። የኛንም ኮሶ ቢሆን እናቶቻችን እየለኩ እንጂ እንደ ጠላ አይቀዱልንም ነበር።

እና ወገኖቼ፣ የባህል መድኃኒት ይቅር አልልም። ግን ጠይቁ፦ ስሙ ማን ነው? ቅጠሉ ነው ሥሩ? ልኩስ ስንት ነው? መልስ ካጣችሁ ብርጭቆውን አስቀምጡና ወደ ሐኪም ሂዱ።

ከጎረቤቴ ጋር እንኳ በቡና ታርቀናል። ቸር ሰንብቱ!