የሚጎተት መኪናና የሚገፋ መኪና

አንባቢ ሆይ፣ መኪና የገዛ ወዳጅ ካለዎት «መኪናህን የሚያንቀሳቅሷት የፊት ጎማዎች ናቸው ወይስ የኋላ?» ብለው ይጠይቁት። ዋጋዋንና በአንድ ሊትር የምትሄደውን ኪሎ ሜትር ሳይጠየቅ ይነግርዎታል፤ ወደዚህ ጥያቄ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። በደረቅ አስፋልት ላይ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ነገሩ እምብዛም አያስጨንቅም። ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲያንሸራትት ግን፣ ለአንደኛዋ መኪና መድኃኒት የሆነው ዘዴ ለሌላዋ ጥፋት ይሆናል።

ነጂዎች ነገሩን በጋሪ ይመስሉታል። ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ ፈረሱ ወደ ዞረበት ይከተላል፤ ከኋላ በእጅ የሚገፋ ጋሪ ግን ወደ ጎን ልሂድ እያለ ያስቸግራል። ምሳሌው መልካም ነው፤ ሆኖም የሚናገረው ግማሹን እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ያለው ከጎማው ዘንድ ነው። ጎማ መሬት የሚጨብጥበት ኃይል እንደ ወር ደመወዝ የተቈረጠ ነው፤ ለቤት ኪራይ የከፈሉትን ለአስቤዛ እንደማያገኙት ሁሉ፣ ጎማም መኪናውን ለመሳብ ያዋለውን ኃይል ለማዞር አያገኘውም።

እንግዲህ በፊት ጎማ የምትሳብ መኪና የፊት ጎማዎቿ ሁለት ሥራ አለባቸው፤ ይስባሉም፣ መሪም ይታዘዛሉ። የሞተሩ ክብደት ስለሚጫናቸው ከጭቃ ለመውጣት ደኅና ናቸው። (ዳገቱ ከበረታ ግን ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ በከንቱ ይሽከረከራሉ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ ኋላ ማርሽ ሽቅብ መውጣት ያዋጣል።) በጠማማ መንገድ ላይ ፍጥነት ሲበዛባቸው መሪው ቢዞርም አፍንጫዋ በቀጥታ ወደ ውጭ ትሄዳለች። መድኃኒቱ እግርን ከነዳጅ መስጫው ላይ በዝግታ ማንሣትና መሪውን አለመጨመር ነው። ድንገት ካነሡት ወይም ፍሬን ከረገጡ ክብደቱ ወደ ፊት ይወድቅና ጅራቷ ቀሎ ሊዞር ይችላል።

በኋላ ጎማ የምትገፋው መኪና ሥራውን ታካፍላለች፤ የፊቶቹ ያዞራሉ፣ የኋላዎቹ ይገፋሉ። ጭነት ሲበዛና ዳገት ሲመጣ ትበረታለች። በእርጥብ ጥምዝ ላይ ነዳጅ ሲበዛባት ግን ጅራቷ ይሸሻል። ያን ጊዜ እግርን ከነዳጅ ቀለል አድርጎ፣ መሪውን ጅራቷ ወደ ሸሸበት ወገን ማዞር፣ ስትመለስም ቶሎ ማቃናት ይገባል። ሞተሯ ከኋላ የነበረው የጥንቷ ፎልክስማ ራሷን የቻለች ጨዋታ ናት፤ ለሌላ ጊዜ ትቈየን።

አደጋው ያለው ከአንደኛዋ ወደ ሌላዋ በሚሻገረው ሰው ላይ ነው። አዲስ አበባን ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎችም፣ «ዲ ኤክስ» የሚባለው አሮጌው ኮሮላም የሚገፉት በኋላ ጎማ ነው። ቶዮታ ኮሮላን ወደ ፊት ጎማ ማዛወር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ በ1999 የወጣችው ቪትዝም በፊት ጎማ የምትሳብ ናት። በላዳ ያደገ ሰው ቪትዝ ገዝቶ አፍንጫዋ በዝናብ ስትሸሽበት መሪውን ይጨምራል፤ ምንም የለም። ደንግጦ እስከ ጥግ ያዞረዋል። ጎማዎቹ በድንገት መሬት ሲጨብጡ መኪናዋ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወርውራ በተቃራኒው መስመር ከሚመጣው ፊት ትገኛለች።

የፊት ጎማ ዓለምን የወረሰው በአነዳዱ ማማር ብቻ እንዳይመስልዎ። ሲትሮየን እ.ኤ.አ. በ1934 ይህን ዓይነት መኪና በብዛት ሠርቶ ነበር፤ ዋናው ድል ግን በ1959 ኢሲጎኒስ የነደፋት ሚኒ የተባለችው መኪና ስትወጣ መጣ። ሞተሩን አግድም አስተኝቶ፣ ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅም ብረት አስቀርቶ፣ ከ3 ሜትር እምብዛም በማትበልጥ መኪና አራት ሰው አስቀመጠ። ያሸነፈው የቦታ ቍጠባ ነው።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ መገልበጥ ጀምሯል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በከተማችን ከበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎች መካከል ባለ አንድ ሞተሩ ፎልክስዋገን አይ ዲ 4 የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው። ስለዚህ በቪትዝ መንዳት የለመደው ወጣት የላዳውን ነጂ ትምህርት ሊማር ነው። እርግጥ አዲሶቹ መኪናዎች መንሸራተትን አውቆ እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ የሚይዝ መሣሪያ ስላላቸው ብዙ ጥፋት ይታረማል፤ ያለቀ ጎማን ግን መሣሪያው አዲስ አያደርገውም።

ስለ ጎማ ከተነሣ፣ ገንዘብ አጥሮዎት ሁለት ብቻ ቢገዙ የት ያስገጥሟቸዋል? ብዙ ሰው መኪናውን በሚያንቀሳቅሱት ላይ ይላል፤ ስለዚህ ባለ ቪትዙ ከፊት ያስገጥማል። እኔ ግን መኪናዋ የምትጎተትም ሆነ የምትገፋ አዲሶቹ ከኋላ ይሁኑ ከሚሉት ጎማ ሠሪዎች ጋር ነኝ። አፍንጫ ሲሸሽ እግርን አላልተው ፍጥነቱ እስኪበርድ መጠበቅ ይቻላል፤ ጅራት ሲሸሽ ግን ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። ጎሚስታው «ሞተሩ ያለው ከፊት ነው እኮ!» ብሎ ቢከራከርዎ፣ ገንዘቡን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎትና ከኋላ እንዲገጥም ይዘዙት።