የአውሮፓ የቤት ውስጥ ላክሮስ ዋንጫና የእኛ ልጆች

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 በፊንላንድ ቱርኩ ከተማ የተካሄደውን የመጀመሪያውን የአውሮፓ የቤት ውስጥ ላክሮስ ሻምፒዮና ያሸነፈው የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን ነበር። ድሉ በማኅበረሰባችን ዘንድ ብዙ የተወራለት አይመስለንም። ይሁን እንጂ ልናስብበት የሚገባ ጥያቄ ይዞ መጥቷል።

ላክሮስ ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየቀለቡና እየተቀባበሉ ጎል የሚያስቆጥሩበት ጨዋታ ነው። አገር ቤት የገና ጨዋታን ያየ ሰው ዱላውንና ግፊያውን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ልዩነቱ ኳሷ መሬት ለመሬት የምትመታ ሳትሆን በመረብ ተይዛ በአየር የምትወረወር መሆኗ ነው። ጨዋታውን የፈጠሩት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው። የቤት ውስጡ ዓይነት በ1930ዎቹ በካናዳ የተስፋፋ ሲሆን፣ በበጋ ባዶ የሚሆኑት የበረዶ ሆኪ ሜዳዎች አመቺ ሆነውለታል። ከእያንዳንዱ ወገን አምስት ተጫዋቾችና አንድ በረኛ ይሰለፋሉ፤ ኳስ የያዘው ቡድን በ30 ሰከንድ ውስጥ ወደ ጎል መወርወር አለበት።

በዓለም ደረጃ ከ2003 እስከ 2024 የተካሄዱትን ሻምፒዮናዎች ሁሉ ያሸነፈችው ካናዳ ናት። በአውሮፓ ደግሞ ቼኮች በፕራግ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በየዓመቱ ትልቅ ውድድር ያዘጋጃሉ። ታዲያ ላክሮስ በ2010 አካባቢ ብቻ የተደራጀባት እስራኤል እንዴት ቀደመች? መልሱ ግልጽ ነው። በብሔራዊ ቡድኑ ከተሰለፉት ብዙዎቹ በሰሜን አሜሪካ ተወልደው ያደጉ፣ ዱላውን ከልጅነታቸው የያዙ አይሁድ ናቸው።

ይህን እንደ ነቀፋ አናነሳውም። ወደ ምድረ እስራኤል የሚመጣ ሁሉ ያለውን ይዞ ይመጣል፤ እኛም ያለንን ይዘን መጥተናል። ነገር ግን ከውጭ በመጣ ችሎታ ብቻ የተገኘ ድል እዚህ ሥር ካልሰደደ፣ ተጫዋቾቹ ሲያረጁ አብሮ ያረጃል።

ጨዋታው የተተከለው ደግሞ ከእኛ ደጃፍ ነው። የእስራኤል ላክሮስ ዋና ማዕከሉን ያደረገው በአሽኬሎን ነበር። በ2018 ደግሞ 46 አገሮች የተሳተፉበት የሜዳ ላክሮስ የዓለም ሻምፒዮና በኔታንያ ተካሂዷል። ሁለቱም ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። ሆኖም ለእግር ኳስ አንድ ኳስ ሲበቃ፣ ለዚህ ጨዋታ ዱላ፣ የራስ ቁር፣ ጓንትና የትከሻ መከላከያ ያስፈልጋል። ብዙ ልጆች ለሚያሳድግ ቤተሰብ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ጊዜው ግን አሁን ነው። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በጥቅምት 2023 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ላክሮስ በስድስት በስድስት ተጫዋች በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ይገባል። ስለዚህ የስፖርቱ ኃላፊዎችና ማዘጋጃ ቤቶች በየሰፈሩ ማትናስ አሠልጣኝ ይመድቡ፣ መሣሪያውንም በውሰት ይስጡ። ወላጆችም ብንሆን የማናውቀው ጨዋታ ነው ብለን ልጆቻችንን አንከልክል። የአውሮፓ ዋንጫ አንዴ መጥቷል፤ ቀጣዩን የሚያነሱት እጆች በአሽኬሎንና በኔታንያ ያደጉ እንዲሆኑ መሥራት ይገባናል።