መድኃኒቱ ያው፤ ሰዉ ግን ልዩ ልዩ

አስም ያለባቸው ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፓፍ ታዝዞላቸው አንደኛው ወዲያው ትንፋሹ ሲመለስ፣ ሁለተኛው እንደ ታፈነ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በደብረ ወርቅ ደጋ፣ ብርዱ በሚበረታበትና የኩበት ጭስ ከቤት በማይጠፋበት አገር፣ ሰው ይህን ሲያይ «መድኃኒቱ አልተስማማውም» ብሎ ያልፋል። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ግን እንዲሁ ማለፍ አይገባንም፤ ቃሉ ትልቅ የሳይንስ ጥያቄ ይዟልና።

ሳልቡታሞል የሚሠራው በመተንፈሻ ቧንቧ ጡንቻ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ተገናኝቶ ጡንቻውን በማላላት ነው። የተቀባዩ ጂን ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። በአሜሪካ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ የዚህን ጂን አንዱን ዓይነት ከእናትም ከአባትም የወረሱ ሕመምተኞች ሳልቡታሞልን በየቀኑ ሲወስዱ የጠዋት ትንፋሻቸው ኃይል መድኃኒቱን አዘውትረው ካልወሰዱበት ጊዜ ያነሰ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሌላ ጥናት ግን፣ ሳልሜትሮልን ከሚሳብ ስቴሮይድ ጋር በወሰዱት ላይ ያው የጂን ልዩነት በትንፋሽ ኃይል ላይ ለውጥ አላመጣም። እንግዲህ ነገሩን አንድ ጂን ብቻውን አይወስነውም።

«ይህ እኛን ምን ይመለከተናል?» ለሚል፣ ማስረጃው በሌላ መድኃኒት ተገኝቷል። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ኤንዛይም ጂን ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን በ29 ከመቶው ላይ ተደራርቦ ተገኘ፤ በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ስለዚህ ለአውሮፓዊው ልክ የሆነው መጠን ለአንዳንዱ ወገናችን ከልክ ያልፋል።

ነገር ግን ጂንን የቸልተኝነት መሸሸጊያ እንዳናደርገው እናሳስባለን። ፓፉ አልሠራም ሲባል አስቀድሞ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ አሳሳቡን ማን አሳየው? ስቴሮይድስ ታዞለታል? ጭሱስ ከቤት ወጥቷል? ሳልቡታሞልን ብቻ ይዞ መኖር እንደማይበቃ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ይናገራል። ፓፉን በትክክል መሳብ ለሚቸግረው ሕፃን፣ የግማሽ ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ በፓፉ ልክ ተበስቶ እንደሚረዳ በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 ታይቷል። ይህን ለማስተማር የጂን ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

ስለዚህ የጤና ተማሪዎች በዕረፍት ወደየአገራቸው ሲገቡ የፓፍ አሳሳብ እንዲያሳዩ፣ መምህራኖቻችንም የደጋው ሕመምተኛ በምርምር እንዲቆጠር እንዲተጉ እንጠይቃለን። ደሙን ለምርምር የሰጠ ገበሬም ውጤቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። የደብረ ወርቅ ሰው ለዘለዓለም በሌላ አገር ሳንባ በተለካ ልክ ብቻ ሊታከም አይገባውም።