ሐሜት ምርመራን አይተካም

የታወቀ ሰው በድንገት ሲሞት «ማን ገደለው?» ማለት ይቀናናል፤ «እንዴት ሞተ?» ብለን መመርመር ግን ይታክተናል። ይህን የምንለው ፖል ዌልስቶንን አስታውሰን ነው።

ዌልስቶን በአሜሪካ፣ በሚኔሶታ፣ የኮሌጅ መምህር የነበረ፣ ኋላም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የሆነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2002 የኢራቅን ጦርነት በመቃወም ድምፁን ሰጠ። በዚያው ወር በ25ኛው ቀን፣ ምርጫው 11 ቀን ሲቀረው፣ የተሳፈረባት ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አይሮፕላን ኤቭለዝ ከተማ አጠገብ ለማረፍ ስትቃረብ ወደቀች። እርሱ፣ ሚስቱ፣ ሴት ልጁ፣ ሦስት ረዳቶቹና ሁለቱ አብራሪዎች፣ በጠቅላላው 8 ሰዎች አለቁ።

ወዲያው «አስገደሉት» ተባለ። የአገሪቱ የመጓጓዣ ደኅንነት ቦርድ ግን በ2003 ያስታወቀው ምክንያት ሌላ ነው፤ ይኸውም አብራሪዎቹ ተገቢውን ፍጥነት አለመጠበቃቸው ነው። ፍጥነት ሲጎድል ክንፍ አይሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል፤ መሬት ከቀረበ ደግሞ ስሕተቱን ለማረም የሚበቃ ከፍታ የለም።

«እንግዲያስ መንግሥት ያለውን ሁሉ እንመን ነውን?» የሚሉን ይኖራሉ። አይደለም! መጠራጠር የተማሪ ግዴታ ነው። ነገር ግን ማስረጃ ሲቀርብለት የማይሰማ ጥርጣሬ አሉባልታ እንጂ ትግል አይባልም። ቦርዱ ፍጥነት ሲጎድል አብራሪውን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ጉዳይ እንዲጠና አሳስቦ ነበር። ነገ የሚሳፈረውን ሰው ሊያድን የሚችለው እንዲህ ያለው ማሳሰቢያ ነው። ስለ ስውር እጅ የሚያወሩት ግን ስለዚህ አንድ ቃል አይተነፍሱም።

መምህሩን የምናከብር ከሆነ፣ አሟሟቱን እንደ ተማሪ እንመርምር!