ቀዳሚው ውጤት ሁሉ የታመነ አይደለም፦ የፍለጋ ደረጃና የስምጥ ሸለቆ የጤና ዕውቀት

የጤና መረጃን በሚመለከት ጥቂቶች ብቻ የሚጠይቁት አንድ እምነት ሥር ሰዷል፤ ይኸውም የፍለጋ ሞተር፣ ማለትም ለተጻፈለት ጥያቄ ተዛማጅ ድረ ገጾችን አሰባስቦ በተርታ የሚደረድር ሥርዓት፣ በቀዳሚው ረድፍ ያስቀመጠው ገጽ ከሁሉ ይልቅ የታመነ ነው የሚለው ነው። በዚህ እምነት መሠረት ጉግልን የመሰሉ ኩባንያዎች የደረጃ አሰጣጣቸውን እየለዋወጡ ታላላቅ የሕክምና ተቋማትን ሽቅብ ሲያወጡና በግላቸው የሚጽፉ የጤና ጦማሪዎችን ቁልቁል ሲያወርዱ፣ አንባቢው ከስሕተት እንደተጠበቀ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ የፍለጋ ደረጃ በዋናነት የሚመዝነው የገጹን ተሰሚነት እንጂ መልሱ ጠያቂው ከሚኖርበት ምድርና ከሚጠጣው ውሃ ጋር መስማማቱን አይደለም፤ ይህም ጉድለት ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በተዘረጉት የኦሮሚያ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች በጉልህ ይታያል።

የደረጃ አሰጣጡ መነሻ ሐሳብ ይህን ያስረዳል። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጉግልን ሲመሠርቱ የተመረኮዙበት ፔጅራንክ የተባለው ስልተ ቀመር፣ ማለትም ኮምፒዩተር የሚከተለው የስሌት ሕግ፣ አንድን ገጽ የሚመዝነው ወደ እርሱ በሚያመለክቱ ሌሎች ገጾች ብዛትና ክብደት ነበር። ከዚያ ወዲህ እጅግ ብዙ መመዘኛዎች ቢጨመሩም በሌሎች መጠቀስ እስከ ዛሬ የተሰሚነት ምልክት ሆኖ ቀጥሏል። በኦገስት 2018 የተደረገውና የዘርፉ ባለሙያዎች «ሜዲክ» የሚል ስም ያወጡለት ሰፊ ማሻሻያ ደግሞ የጤና ገጾችን ደረጃ ክፉኛ አናወጠ። የኩባንያው የጥራት ገምጋሚዎች መመሪያ ጤናን «ገንዘብዎ ወይም ሕይወትዎ» በሚል መደብ ውስጥ አስቀምጦ፣ በዚህ መደብ ያለ ገጽ በሙያዊ ዕውቀት፣ በተሰሚነትና በታማኝነት ጠበቅ ባለ ሚዛን እንዲመረመር ያዛል፤ የገምጋሚዎቹ ነጥብ የአንድን ገጽ ደረጃ በቀጥታ ባይለውጥም ስልተ ቀመሩ ወዴት ማምራት እንዳለበት ይጠቁማል። በዲሴምበር 2022 ልምድ አራተኛው መመዘኛ ሆኖ ተጨመረ። በሴፕቴምበር 2023 እና በማርች 2024 የመጡት ማሻሻያዎች ግን በርካታ ትናንሽና ነፃ ድረ ገጾችን ጎብኝ አሳጥተዋል፤ ከሜይ 2024 ጀምሮም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያጠናቀረው አጭር መልስ ከውጤቶቹ ሁሉ በላይ መቀመጥ በመጀመሩ አንባቢው ወደ ጸሐፊው ገጽ የሚዘልቅበት ምክንያት ይበልጥ ቀነሰ።

የእነዚህ ለውጦች ደጋፊዎች ቀላል የማይባል ምክንያት አላቸው። ካንሰርንና ስኳር በሽታን በአንድ ቅጠል እናድናለን የሚሉ፣ የምግብ ማሟያ ለመሸጥ ሲሉ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት የሚያስጥሉ፣ ክትባትን የሚያጥላሉ ገጾች ለብዙ ዓመታት በፍለጋ ውጤቶች አናት ላይ ተቀምጠው ሰውን ጎድተዋል፤ ክትባትን በመቃወም የሚታወቀው የጆሴፍ መርኮላ ድረ ገጽ ከጁን 2019 ማሻሻያ በኋላ ከጉግል የሚያገኛቸውን ጎብኝዎች በብዛት ማጣቱም ለሕዝብ ጤና ጥቅም እንጂ ጉዳት አልነበረም። የትችቱ ዒላማ እንግዲህ ጤናን በጥብቅ ሚዛን መመዘን አይደለም። ስሕተቱ ሐሰተኛውን ፈዋሽ ለማውረድ የተሠራው ሚዛን፣ ዕውነተኛውን ግን ስመ ጥር ያልሆነውን የአካባቢ ባለሙያ ከዚያ ለይቶ የሚያይበት ዐይን ስለሌለው ሁለቱን አብሮ ማውረዱ ነው።

የስምጥ ሸለቆው ውሃ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው። የአካባቢው አለት እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃው በሶዲየምና በባይካርቦኔት የበለጸገ፣ በካልሲየም ግን የደኸየ በመሆኑ ከአለቱ የሚሟሟው ፍሎራይድ ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ በመዝቀጥ ፈንታ ውሃው ውስጥ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ እጥፍ ድርብ ይይዛሉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተወለዱ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከኖሩት ከተመረመሩ ልጆች መካከል ከ80 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ የጥርስ ፍሎሮሲስ፣ ማለትም ጥርስ በሚሠራበት የልጅነት ዘመን ፍሎራይድ ሲበዛ የሚመጣ መበለዝ፣ ተገኝቷል። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1950ዎቹ ባቋቋመው የወንጂ ስኳር እርሻ ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞች ደግሞ የአጥንት ፍሎሮሲስ ይዟቸው አከርካሪያቸው እየደረቀ እስከ መጉበጥ ደርሰዋል።

የዚህን አገር ሰው ጥያቄ የሚመልሱት ስመ ጥር ገጾች የተጻፉት ግን ችግሩ ተቃራኒ በሆነበት ምድር ነው። በአሜሪካ የግራንድ ራፒድስ ከተማ የጥርስ መቦርቦርን ለመከላከል በ1945 ፍሎራይድን በውሃዋ ላይ መጨመር ጀመረች፤ የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣናትም በ2015 የሚመከረውን መጠን በሊትር 0.7 ሚሊ ግራም አድርገው ወስነዋል። ከዚህ የተነሣ በእንግሊዝኛ ስለ ጥርስ መበለዝ የሚያስረዱ ታላላቅ ገጾች ቡናን፣ ሻይን፣ ትምባሆንና ጥርስ አለመፋቅን አስቀድመው ይዘረዝራሉ፤ ፍሎሮሲስን ሲጠቅሱም አብዛኛውን ጊዜ ቀላል የመልክ ጉዳይ አድርገው ያልፉታል። ገጾቹ ለተጻፉላቸው አንባቢዎች ትክክል ናቸው። በመቂ ወይም በቡልቡላ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ለምትጠቀም እናት ግን ከልጇ ጥርስ በፊት መመርመር ያለበት ውሃው መሆኑን አይነግሯትም። ውሃ ማፍላት ተዋስያንን ቢገድልም ፍሎራይድን እንደማያስወግድ፣ ይልቁንም ውሃው በተነነ መጠን እንደሚያጠነክረው የሚነግራት፣ ይህንንም ልጇ ስምንት ዓመት ሳይሞላው የሚነግራት፣ ያንን ውሃ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሳይንስ ራሱም የተጓዘው ከአካባቢው ውሃና ሰው በመነሣት ነበር። በአሉምና በኖራ ፍሎራይድን የሚያዘቅጠው ዘዴ ናልጎንዳ የሚለውን ስም ያገኘው ተመሳሳይ ውሃ ካላት የሕንድ ከተማ ነው፤ ኢዋግ የተባለው የስዊስ የውሃ ምርምር ተቋምም ከአገር ውስጥ አጋሮች ጋር ከአጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያን በሞጆና በአካባቢዋ ሞክሯል። አጥንቱ የየትኛው እንስሳ እንደሆነና በማን እንደታረደ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚያነሣውን ጥያቄ አክብሮ ሊመልስ የሚችለው የአገሩን ሃይማኖትና ልማድ የሚያውቅ ጸሐፊ ነው። በወባም ረገድ እንዲሁ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው በከተማ የምትራባ ትንኝ በ2016 በቀብሪ ደሃር ከተገኘች በኋላ በአዋሽ ሰባት ኪሎና በገዋኔ ታይታለች፤ ወባ የገጠር በሽታ ብቻ ነው የሚል አጠቃላይ ገጽ ክዳን የሌለው ሮቶና በርሜል አደገኛ መሆኑን ለከተማ ነዋሪ አያስረዳም።

ይህን ዕውቀት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሊያደርሱ የሚችሉት ከሥራ ሰዓታቸው ቆርሰው የሚጽፉ የጥርስ ሐኪሞች፣ የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች ናቸው። ሆኖም በደረጃው ሚዛን ፊት ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ፤ ወደ ገጻቸው የሚያመለክት የአገር ውስጥ ተቋም እምብዛም የለም፣ የሚጽፉበትን ቋንቋ ስልተ ቀመሮች በቂ ጽሑፍ አንብበው አልተማሩትም፣ አንዱ ጸሐፊ «መድኃኒት» ሲል ሌላው «መድሀኒት» ብሎ ስለሚጽፍም ጥያቄና መልስ በቀላሉ ሳይገናኙ ይቀራሉ። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ ድረ ገጽን ትተው ወደ ፌስቡክና ወደ ቴሌግራም ተሰደዋል፤ በዚያ የሚለጠፍ ጽሑፍ ግን በሳምንቱ ከዐይን ይሰወራል፣ በፍለጋም እምብዛም አይገኝም። ከፌብሩዋሪ እስከ ጁላይ 2023 በአገሪቱ እነዚህ መድረኮች ተገድበው በነበረ ጊዜ፣ በእነርሱ ላይ ብቻ የተከማቸ የጤና ትምህርት ለአንባቢው ተዘግቶበት ከርሟል።

የፍለጋ ሞተር የተጠቃሚውን ቦታ አስቀድሞ ያገናዝባል የሚል መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል። ያገናዝባል፤ ፋርማሲ ወይም ሆቴል ሲፈለግ ቅርብ ያለውን ያስቀድማል። ነገር ግን ቦታ የሕንፃ አድራሻ ከመሆን አልፎ የአለት፣ የውሃ፣ የትንኝና የአመጋገብ ጉዳይ መሆኑ በጤና መልስ ምዘና ላይ ተገቢውን ክብደት አላገኘም። በ2022 የተጨመረው የልምድ መመዘኛም በመርሕ ደረጃ መልካም ቢሆንም፣ ልምዱን የሚያሳውቁት መልሰው ዝናና ጥቆማ ከሆኑ በባቱ ጤና ጣቢያ ለዓመታት የሠራ ሰው ልምድ እንደሌለው ሆኖ ይቀራል።

ጥፋቱን ሁሉ በውጭ ኩባንያ ላይ መጫን ግን ፍትሐዊ አይሆንም። የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎችና የጤና ቢሮዎች የምርምራቸውን ውጤት በእንግሊዝኛ ጆርናል አሳትመው፣ የሕዝብ ማስታወቂያቸውን ደግሞ ፍለጋ ሊያነበው በማይችል ፎቶ ለጥፈው ሲተዉት፣ የጤና ጸሐፊውን እርሱ የሚጠቅሰውን ምንጭም እርሱን የሚጠቅሰውን ተቋምም ይነፍጉታል። በአዳማ የሚገኙት የሕክምና ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ፣ የከተማዋም የውሃ አገልግሎት የየጉድጓዱን የፍሎራይድ መጠን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በቋሚ ገጽ ቢያወጡ፣ የነፃ ጸሐፊዎችን ሥራ በባለሙያ አስመርምረው ትክክል የሆነውን በስም ቢጠቁሙ፣ ደረጃ ሰጪው ሥርዓት የሚፈልገውን የተሰሚነት ምልክት በገዛ እጃቸው ይሰጣሉ፤ ሐሰተኛውን ፈዋሽ ከዕውነተኛው ባለሙያ የመለየቱንም ሥራ ጉዳዩን ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ያደርሱታል። ከኩባንያዎቹ የሚጠበቀው ደግሞ በጤና ጥያቄ ላይ የአካባቢ ማስረጃን ራሱን የቻለ መመዘኛ ማድረግና አነስተኛ ጽሑፍ ባላቸው ቋንቋዎች ምዘናውን አገሩን ለሚያውቁ የሕክምና ባለሙያዎች መስጠት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መለወጥ ያለበት የአንባቢው፣ የመምህሩና የሐኪሙ ልማድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የቀረበ የጤና መልስ፣ የትኛውንም ያህል ስመ ጥር ተቋም የጻፈው ቢሆን፣ ለየትኛው ውሃና ለየትኛው ሕዝብ እንደተጻፈ ሳይጠየቅ ሊታመን አይገባም፤ የሚበልዘው ጥርስና የሚጎብጠው አጥንት የሚጠበቀው ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አንባቢና ጥያቄውን መመለስ የሚችል የአገር ጸሐፊ ሲገናኙ ነው፤ ሁለቱን የማያገናኝ የደረጃ ሥርዓትም ጤናን ጠብቄአለሁ ሊል አይችልም።