ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ?

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው አባባል ሴት ልጅ ደብተሯን ዘግታ ወደ ማጀት እንድትገባ ማሳበቢያ ሆኖ ኖሯል። በደሴና በኮምቦልቻም የማያውቀው የለም። ለመሆኑ እውነት ነውን? የሁለት ሊቃውንት ሴቶችን ታሪክ እንመልከት።

ፋጢማ አል ሰመርቀንዲ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩ የፊቅህ ማለትም የእስልምና ሕግ ሊቅ ነበሩ። ፊቅህ ከኮምቦልቻ ብዙ በማይርቀው በገታ ሲቀራ የኖረ ትምህርት ስለሆነ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። አባታቸው አላኡዲን አል ሰመርቀንዲ «ቱህፈቱል ፉቀሃ» የተባለውን የሐነፊ መዝሀብ መጽሐፍ የጻፉ ሲሆን፣ ልጃቸው ይህን መጽሐፍ በቃላቸው አጥንተውታል። የአባትየው ደረሳ አል ካሳኒ በመጽሐፉ ላይ ሰፊ ማብራሪያ ጽፈው ባቀረቡ ጊዜ ማብራሪያው ለፋጢማ መህር ሆኖ ተጋቡ። ከዚያ ቤት የሚወጣው ፈትዋ በመጀመሪያ የአባትና የልጅ፣ ከጋብቻው በኋላ ደግሞ የሦስቱም ፊርማ ያረፈበት ነበር። ባልየው በፈትዋ ሲሳሳቱ ሚስት ያርሟቸው፣ እርሳቸውም እርማቱን ይቀበሉ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። በዚህ ቤት እንግዲህ የወንዱ እውቀት ነው በሴቷ ያለቀው!

ሕጉ እንዲህ ከሆነ ቋንቋውስ? ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎጃም የኖሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ። የግእዝ ቋንቋ ምሥጢር የሚመረመርበትን ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ በኋላም ራሳቸው የቅኔ መምህርት ሆነው ወንዶች ደቀ መዛሙርትን አስተምረዋል።

የሁለቱ ሴቶች ሃይማኖትም ዘመንም አንድ አይደለም። የሚያመሳስላቸው ግን አለ። ሁለቱም አባቶች ያላቸውን እውቀት ለወንድ ብቻ አላስቀሩትም።

ዛሬ ወላጅ የሕግ ወይም የቅኔ ሊቅ እንዲሆን አይጠበቅበትም። ከእርሱ የሚፈለገው ጊዜ ነው። ወንድሟ መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ እርሷ ውሃ ስትቀዳ፣ ወጥ ስትሠራና ዕቃ ስታጥብ የምታመሽ ልጅ በፈተና ብትወድቅ «ድሮስ ሴት!» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ሥራው ለሁለቱም ይከፈል፤ የጥናቱም ሰዓት እኩል ይሁን። ያን ጊዜ የማን እውቀት በማን እንደሚያልቅ እናያለን።